ወይኖ የሚሰማው ቋንቋ

ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት፣ በመጀመሪያው ቀን የእንግሊዝኛ መምህራችን ክፍል ገብተው «ጌት አፕ!» ሲሉን ልጆቹ ሁሉ ግራ ተጋብተው ያዩአቸው ጀመር። እኔ ሳቅሁ። ሌሎቹ ስላልገባቸው ዝም አሉ፤ እኔ ስለገባኝ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሃል?» አሉኝ።

«መምህር፣ ይኸማ ለበሬ የሚባል ነው» አልኳቸው።

የቀረውን ሰዓት ጥግ ላይ ተንበርክኬ አሳለፍሁ። ግን አልዋሸሁም ነበር። እኛ ቤት «ጌት አፕ»፣ «ካም ኦን»፣ «ተርን ራውንድ» የሚባለው በሬ ሲጠመድ ነው። እናቴም ጠዋት ስትቀሰቅሰኝ «ጌት አፕ» ትለኝ ነበር፤ እኔ ግን «አንተ ወይፈን» እንደ ማለት፣ እንደ ፍቅር ስድብ ነበር የምቆጥረው። እንግሊዝኛ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን፣ በጉልበቴ ላይ ሆኜ ነው።

ይህን ቋንቋ ወደ ቤታችን ያስገባችው የእናቴ እናት የብርጓል ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ከአገሯ ርቃ ሄደች ከተባለ በአንድ በኩል ቁይ ገበያ፣ በሌላ በኩል ደብረ ማርቆስ ነው። ታሪኩን የሰማሁት ከእሷ ነው፤ ደግሞም ከጎረቤታችን ከአያ እንዳላማው። የእንዳላማው ውሸት ይበዛበታል፤ ግን ይበልጥ የሚያስቀው እሱ የሚያወራው ነበር። አሁን ሁሉም የሉም። ሳስባቸው ግን ሽበት የላቸውም፤ ያን ጊዜ እንደነበሩት ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ አንቱ ብዬ አላስረጃቸውም።

ዘመኑ የጣሊያን ማለቂያ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ይዞ ተቀምጧል፤ ገጠሩን አርበኛ ይዞታል። በመካከል ያለው ገበሬ ሁለቱንም ያበላል፤ ልዩነቱ አርበኛው በልቶ ማመስገኑ ነው። ከአምበር ወጣ ብላ በምትገኘው መንደራችን ባንዳዎች በመጡ ቁጥር የሚያርዱት በሬ ነበር። የአያቴን የፈንታን ጥማድ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሉት። የቀረው ወይኖ ብቻ ሆነ፤ ጥቁር ቀይ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ገና ቀንበር ያልነካው ወይፈን። ፈንታ መንገድ መሪ ሆኖ ከአርበኞች ጋር ስለሚውል ወይፈኑን የሚገራ ሰው አልነበረም። ቤት የቀሩት እናቱ እማማ ሥራነሽና የሦስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ሚስቱ የብርጓል ናቸው።

በጥር ወር ፈንታ አንድ ፈረንጅ በበቅሎ ጭኖ መጣ። በሱዳን በኩል ገብተው አርበኞችን ከሚያሠለጥኑት እንግሊዞች አንዱ ነው። ቁልቁለት ላይ በቅሎዋ ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል፤ ጓዶቹ እስኪድን እዚህ ይደበቅ ብለው ወደ ፊት አልፈዋል። ማዕረጉ ሳጅን፣ ስሙ ፍሬድ ነው። እማማ ሥራነሽ ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ በአፏ አመላልሳ «መጨረሻው መንገድ ላይ ወድቆበት ይሆናል» አለችና ፍሬው አለችው። በዚያው ጸና።

ወጌሻ ተጠርቶ እግሩን በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረለት። ፍሬው ከአማርኛ የሚያውቀው «ውሃ» እና «ጥሩ» የሚሉትን ብቻ ነበር። በሁለት ቃል ሰነበተ። ጎመኑ ጥሩ፣ መደቡ ጥሩ፣ ቁንጫውም ጥሩ።

በምርኩዝ መቆም ሲችል ወደ ጓሮ ወጣ። ጓሮው በረጅም ቅንጭብ ስለታጠረ ከመንገድ አይታይም። ወይኖ እዚያ ታስሯል። እማማ ሥራነሽ ከብት የሚያውቅ ሰው በአቀራረቡ ይታወቃል ትል ነበር፤ ፊት ለፊት አይሄድም፣ በጎን ነው የሚቀርበው። ፍሬው በጎን ቀረበ። የወይኖን ትከሻ ዳበሰ፣ ሰኮናውን አየ፤ ከዚያ ወደ ራሱ ደረት ጠቁሞ፣ ሁለት እጁን የማረሻ ዕርፍ እንደሚይዝ ሰው አድርጎ፣ አንድ ሁለት እርምጃ አነከሰ።

«አየሽ?» አለች እማማ ሥራነሽ። «ይኸ የገበሬ ልጅ ነው። ወታደር ያደረገው ጣሊያን ነው እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ገመዱን ይዞ ወይኖን ዙሪያውን አዞረው። ቀጥሎ ግንድ አስጎተተው። በመጨረሻ አሮጌ ቀንበር ጭኖበት በምርኩዙ እያነከሰ ከኋላው ተከተለው። የእኛ አገር አራሽ ድምፁ ወንዝ ያሻግራል። ፍሬው ግን ተደብቆ የሚኖር ሰው ነው፤ ከአጥሩ ውጭ እንዳይሰማ የሚናገረው ሁሉ በወይኖ ጆሮ ሥር፣ እንደ ምሥጢር ነበር።

የብርጓል ገመድ ትይዝለታለች፣ ድርቆሽ ታቀብለዋለች። ከሁሉ አብዝቶ የሚናገራት «ካም ኦን» ስለነበረች ለአማቷ «ፍሬው የወይኖን ስም ቀየረው» ብላ ነገረቻት።

«ማን አለው?»

«ካሞን።»

«ኤዲያ! ወይኖ ብዬ ያወጣሁለት እኔ እያለሁ!»

በማግስቱ የብርጓል የጓሮው በር ላይ ቆማ ስታመነታ ፍሬው እሷንም «ካም ኦን» አላት። እሷ ወይኖ አይደለችም። እንግዲያው ስም አይደለም አለች በልቧ። በሬው ሲለግም ይላታል፤ እሷ ስታመነታ ይላታል፤ እማማ ሥራነሽ ጠላ ልትቀዳ ተነስታ ወሬ ስትጀምር ይላታል። «በል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ» ማለት መሆን አለበት። የሚያስተረጉምላት ሰው አልነበራትም። የቃሉን ፍች የምታየው ቃሉ ከወጣ በኋላ በሬው ከሚያደርገው ነገር ላይ ነበር።

«አፕ» የምትለዋን ግን ቸኩላ ተረዳቻት። ወይኖ ተኝቶ «ጌት አፕ» ሲባል ይነሳል፤ ስለዚህ «አፕ» ማለት ተነስ ነው ብላ ቆረጠች። አንድ ቀን የፈንታ ወሬ ጠፍቶባት ፊቷ ጠቁሮ ገመዱን ይዛ ቆማለች። ፍሬው አየት አደረጋትና «ቺር አፕ» አላት። የብርጓል ግራ ገባት። ከቆሙ በላይ ወዴት ይነሷል? እንግዳ ላለማሳፈር ብላ በእግሯ ጣቶች ቆመች። ፍሬው ዝም ብሎ ሲያያት አልበቃው ይሆናል ብላ ድንጋዩ ላይ ወጣች። ሳጅኑ ምርኩዙ እስኪወድቅ ሳቀ። እማማ ሥራነሽ ብቅ ብላ «ምን ሆናችኋል?» ስትል የብርጓል ከድንጋዩ ላይ «ተነሺ ብሎኝ እየተነሳሁ ነው» አለቻት።

ፍሬው ሁለት ጣቶቹን የአፉ ጥግና ጥግ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ገፋ። ያን ጊዜ ገባት። አይዞሽ፣ ፊትሽን ፍቺው ማለቱ ነበር። እሷ ደግሞ ድንጋይ ላይ ቆማ እየሳቀች ነበር።

ያን ቀን ውሃ ስትቀዳም እንጨት ስትለቅምም ስታስብበት ዋለች። «ጌት» ከ«አፕ» ጋር አንድ ነገር ይሆናል። «ቺር» ከ«አፕ» ጋር ሌላ ይሆናል። «ሆልድ» ሲላት ገመዱን ያዢ ነው፤ «ሆልድ ኦን» ሲላት ግን ቆይ ነው፣ የሚያዝ ነገር የለም። ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ ለአማቷ ተናገረች።

«እማማ፣ የእነሱ ቃል መቀናጆ ነው!»

መቀናጆ በእኛ አገር የባለአንድ በሬዎች ዘዴ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ ሁለት ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን ጠምደው ተራ በተራ የአንዱን፣ ከዚያ የሌላውን መሬት ያርሳሉ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች እማማ ሥራነሽ።

«አንዷ ቃል ብቻዋን አንድ ነገር ናት። ሌላዋም ብቻዋን የራሷ ነገር አላት። ሁለቱ ሲጠመዱ ግን የሚያርሱት መሬት የአንዷም የሌላዋም አይደለም። ጥማዱን ነው ማወቅ እንጂ በሬውን ማወቅ አይበቃም።»

እማማ ሥራነሽ እንስራውን አወረደችላት። «ታዲያ ለምን አንድ ጠንካራ ቃል አይገዙም?» አለች።

ከዚያ በኋላ የብርጓል ቃላቱን በጥማዳቸው ትይዛቸው ጀመር። ወይኖ አንድ ከሰዓት በኋላ አልሄድም ብሎ ቆመ። ፍሬው ለመነው፣ ዳበሰው፣ ገፋው። በመጨረሻ ገመዱን ጣለ፣ «አይ ጊቭ አፕ» አለ፣ ተቀምጦ ፒፓውን ለኮሰ። በማግስቱ ጠዋት ገመዱን አንስቶ እንደገና ጀመረ። ስለዚህ የብርጓል «ጊቭ አፕ» የሚባለው ጥማድ ትርጉሙ «ለዛሬ ተውኩት» መሆኑን ያዘች። ለነገ አይሠራም። ይህን ፍች እስክትሞት አልለወጠችም።

በየካቲት ባንዳዎች ፈረንጅ ተደብቋል የሚል ወሬ ሰምተው መጡ። ፍሬው በጓሮው ከጭድ ክምሩ አጠገብ ቆሞ ምርኩዙን ይጠርባል። ባንዳዎቹ በፊት ለፊት በር ሲገቡ የብርጓል ቀድማቸው ወደ ጓሮ ገባች። በአማርኛ ብትናገር ይሰሟታል። ወደ ወይኖ ሄደች፣ ግንባሩን እያሻሸች፣ እንደምታባብል ሆና «ላይ ዳውን… ላይ ዳውን» አለች። ወይኖ ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። ከጭዱ ኋላ ሳጅኑም ተኛ።

የባንዳዎቹ አለቃ ደረሰባት። «ምንድነው የምትለፈልፊው?»

«በሬ እያስተኛሁ ነው።»

«በምን ቋንቋ?»

«በበሬ ቋንቋ ነዋ፣ ጌታዬ። አባትዎ በሬ አልነበራቸውም?»

ጓደኞቹ ሳቁ። አለቃው ተቆጣ። «የኔ አባት በሬ አገር ያውቀዋል!»

«እንግዲያው በሬያቸውን አላናገሩትም ማለት ነው» አለች ዓይኗን ሰብራ።

«ይኸ ወይፈን ይታረድ» አለ አለቃው።

«ይረዱት፣ ጌታዬ። መቆም አቅቶት እንደሚያዩት ወድቋል። በሽታው ምን እንደሆነ አላወቅንለትም። እናንተ ከበላችሁት እኛም ተገላገልን።»

አለቃው ወይኖን አየ። ወይኖ ተኝቶ አመነዠከ። ባንዳዎቹ አንድ ዶሮ ይዘው ሄዱ። እማማ ሥራነሽ ስለዚያች ዶሮ ሲነሳ ሁልጊዜ «እንግሊዝኛ አታውቅም ነበር» ትላለች።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ወጣ። ጓዶቹ ፍሬውን ሊወስዱት መጡ። እግሩ ድኗል፤ ትንሽ ያነክሳል። የእማማ ሥራነሽን ጉልበት ስሞ ተሰናበተ፤ ያን ከማን እንዳየው አይታወቅም። ወይኖን በጆሮው አንድ ነገር አለው። የጓሮው በር ላይ ሲደርስ ወደ የብርጓል ዞረና «ካሪ ኦን» አላት። ወይኖ ግንድ እየጎተተ መሐል ላይ ቆም ሲል የሚላት ቃል ነበረች፤ ዙሩ እስኪያልቅ ቀጥል ማለት ነው። የእሱን ወሬ ከዚያ ወዲያ የሰማ ሰው የለም።

ፈንታ በሚያዝያ ወደ ቤቱ ሲመለስ መሬቱ ሁለት ዓመት ጦም አድሮ ነበር። ከቤቱ ዝቅ ብሎ ያለችው የጤፍ መሬት አረም ወርሷታል። ዘር አለው፤ እናቱ ጉድጓድ ቀብራ ከባንዳ አትርፋዋለች። ዘንድሮ ካልተዘራ ግን ዘሩ መበላቱ ነው፤ ዘሩ ከተበላ ለከርሞ የሰው መሬት ላይ የሰው ቅጥር መሆን ነው። በሬው አንድ ነው። ስለዚህ ቡሬ የሚባል አንድ በሬ ከቀረው ከጎረቤቱ ከእንዳላማው ጋር መቀናጆ ገባ።

ግንቦት ውስጥ፣ መሬቱ ዝናብ እንደጠጣ፣ ጠመዱ። ወይኖ ቀንበሩን በጨዋ ደንብ ተቀበለ። ፈንታ ጅራፉን አጮኸ፣ «ሳብ!» አለ። ቡሬ ሳበ። ወይኖ ቆመ። «ሳብ! ፈርህን ያዝ! አንተ!» ወይኖ ዞሮ አየውና ተኛ።

«ዛሬ ማን ነው የሚከበረው?» አለ እንዳላማው።

«ምንም በዓል የለም።»

«በሬህ ከቄሱ የበለጠ ያውቃል። ጠይቀው እስቲ።»

ሲታገሉ ረፈደ። የብርጓል ምሳ ይዛ ስትመጣ ፈንታ ላቡ ይንቆረቆራል፣ እንዳላማው ሣር ላይ ተጋድሟል፣ ወይኖም እንደ እንዳላማው። ምሳውን አስቀመጠች፣ ወደ ወይኖ ጆሮ ጎንበስ ብላ «ጌት አፕ፣ ወይኖ። ካም ኦን» አለችው። ወይኖ ተነሳና ሳበ። ዕርፉን የያዘ ሰው ስላልነበረ ማረሻው ወድቆ ተጎተተ።

እንዳላማው ተነስቶ ተቀመጠ። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ሲሉ እሰማ ነበር» አለ። «ይኸኛው የማን አገር ነው?»

የብርጓል ነገሩን አስረዳቻቸው። ፈንታ ሰምቶ «እኔ አገር ነጻ ሳወጣ እቤቴ በሬዬ ተማረከ!» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ አገር ታይቶ የማይታወቅ እርሻ ታየ። ሴት ዕርፍ አትይዝም፤ ይህን ደንብ የብርጓልም አልነካችም። ፈንታ ዕርፉን ይይዛል፣ እሷ ከወይኖ ጎን እየሄደች ታናግረዋለች። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። «ፈንታ ሚስቱን ነው ወይስ በሬውን የጠመደው?» አሉ። ፈንታ ከሩቅ ሰው ባየ ቁጥር ለማረፍ ይቀመጣል። ሆዷም እየገፋ ሄደ፤ ሰኔ ሲገባ እማማ ሥራነሽ መሬቱ ዳር መጥታ ጮኸች።

«ልጁን ፈር ላይ ልትወልጂው ነው? ስሙንስ ማን ልንለው ነው፣ ትልሙ?»

ችግሩ ይህ ብቻ አልነበረም። የጤፍ መሬት ተደጋግሞ ይታረሳል፤ የመጨረሻው እርሻና ዘሩ ሐምሌ ላይ ነው። የብርጓል የምትወልደውም ሐምሌ ላይ ነው። አራስ ደግሞ ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ከቤት አትወጣም፤ ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። ሰማንያ ቀን ጤፍ አይጠብቅም።

እንዳላማው ቀልደኛ ቢሆንም የራሱ መሬት ነበረው። «ስማ ፈንታ» አለው አንድ ቀን ሳይስቅ። «ከወንዙ ማዶ ያለው ባዘዘው አማርኛ የሚሰማ በሬ አለው፤ እንቀናጅ ብሎኛል። እስከ ሐምሌ ሥላሴ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ በኋላ የኔ ልጆችም ይበላሉ።»

ስለዚህ ቋንቋውን ወንዶቹ መማር ነበረባቸው። በሬዎቹ ከተፈቱ በኋላ ደጃፉ ላይ ትምህርት ተጀመረ። የብርጓል እንደ ተማረችው አስተማረች፤ አንዱ በሬ ይሆናል፣ ሌላው አራሽ። ችግሩ የብርጓል ባሏን አንቱ የምትል ሴት መሆኗ ነው። እንግሊዝኛ ለበሬም ለባልም አንድ ነው። ፈንታ በሬ ሆኖ በቆመበት ተራ ስታፍር ቆይታ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተርን ራውንድ» አለችው።

«የቱ ነው እንግሊዝኛው?» አለ ፈንታ።

«መጨረሻው።»

«መጀመሪያው ደስ ብሎኝ ነበር።»

እንዳላማው በሬ ሲሆን የባሰ ነበር። «ላይ ዳውን» ሲባል ወዲያው ይተኛል፤ «ጌት አፕ» ሲባል ግን አይሰማም።

«አያ እንዳላማው፣ ተነሱ እንጂ። ጌት አፕ ብያለሁ።»

«ወይኖ ድርቆሽ ሳይቀርብለት ይነሳል?»

«ይነሳል።»

«የልጅ በሬ ነው። እኔ ጠላ ይቅረብልኝ።»

በዚህ ሁኔታ ቃላቱን ያዙ። «ስሎው ዳውን» ዝግ በል፣ «ጎ ኦን» ሂድ ቀጥል፣ «ሆልድ ኦን» ቆይ። ፈንታ ጥማዶቹን ሲያደባልቅ «ስሎው አፕ» ይላል፤ የብርጓል «እነዚያ አይጠመዱም፣ ይዋጋሉ» ትለዋለች። ሰኔ ሲያልቅ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ይወጡት ነበር። መሬት ላይ ግን እሷ አጠገቡ ሳትኖር ወይኖ አንዱንም አልሰማ አለ። ፈንታ እንደ አራሽ ደንብ ደረቱን ነፍቶ «ካም ኦን!» ሲል ማዶ ያለ ውሻ ይጮሃል እንጂ ወይኖ አይነቃነቅም። የብርጓልም ምክንያቱን አላወቀችውም። «ቃሉ ልክ ነው» ትላለች። «ምን እንዳስቀየመው እንጃ።»

የሥላሴ ዋዜማ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ሁለቱ ጠመዱ። የመጨረሻው እርሻ ነው፤ ከኋላው ዘሩ ይከተላል። የብርጓል ሌሊቱን ሲቆነጥጣት አድሮ ጠዋት ምጡ ስለያዛት የመንደሩ ሴቶች ቤቱን ሞልተውታል። መሬቱ ከቤቱ ሥር ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

ወይኖ ጥቂት ፈር ሄዶ ቆመና ተኛ። ፈንታ ጮኸ። «ጌት አፕ! ካም ኦን! ጎ ኦን!» ያወቀውን ሁሉ ጮኸ፣ ጅራፉን አከለበት፣ በመጨረሻ «ሆልድ ኦን» እንኳ አለው፤ እሱን ብቻ ወይኖ እሺ አለ። እንዳላማው ፀሐዩን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ወደ ቀንበሩ ሄደና የቡሬን ማነቆ መፍታት ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ፈንታ።

«እኔ ጊቭ አፕ» አለ እንዳላማው። ያለ ስህተት፣ በቦታዋ፣ ማንም ሳይጠይቀው የተናገራት የመጀመሪያ እንግሊዝኛው ናት።

ልክ በዚያን ጊዜ ከቤት የየብርጓል ጩኸት ተሰማ። ፈንታ ጅራፉን ጥሎ ሮጠ። ደጃፉ ላይ እናቱ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ወዴት?»

«ምን ሆነች?»

«ምጥ ላይ ናት፣ ምን ትሆናለች! ወንድ እዚህ ምን ይሠራል? ሂድ ዘርህን ዝራ!»

ፈንታ ተመለሰ። የሚሄድበት አልነበረውም። ወይኖ በተኛበት አጠገቡ ቁጢጥ አለ፣ ክንዱን አንገቱ ላይ ጣለ። ሲጮህ አርፍዶ ድምፁ ሰልሎ ነበር። በትንፋሹ ብቻ፣ ማንም እንዳይሰማበት፣ «ካም ኦን፣ ወይኖ» አለ። «ጌት አፕ። ስለ እሷ ብለህ። ካም ኦን።»

ወይኖ ጆሮውን ወደ እሱ አዞረ። ከዚያ ተነሳ።

«አትጩህ» አለ እንዳላማው እያንሾካሸከ። «ለእግዜር ብለህ እንዳትጮህ።» ማነቆውን መልሶ አሰረ። ፈንታ ዕርፉን ያዘ፣ በዝግታ «ጎ ኦን» አለ፣ ወይኖና ቡሬ እኩል ሳቡ። ፈሩ ጫፍ ሲደርሱ «ተርን ራውንድ» አለ፣ ዞሩ። ወይኖ መሐል ላይ ቆም ሲል «ካሪ ኦን» አለው፣ ቀጠለ። ጅራፉ እዚያው በወደቀበት ቀረ። እንዳላማው ከጎን እየሄደ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ ሲያወራው «ቤተ ክርስቲያን ያለሁ መሰለኝ» ይላል።

ውስጥ የብርጓል ምጡን ይዛ ታዳምጣለች። ኋላ ስትናገር፣ ከምጡ ይልቅ ያበገናት የባሏ ጩኸት ነበር ትላለች። ከዚያ ድንገት ጩኸቱ ቆመ። እንዳላማው በሬውን ፈቶ ወደ ባዘዘው ሄደ፣ አለቀልን ብላ አሰበች።

«እማማ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ። ሄዱ?»

እማማ ሥራነሽ በበሩ ብቅ ብላ ተመለሰች። «ያርሳሉ።»

«ሳይጮሁ?»

«ከንፈራቸው ነው የሚንቀሳቀሰው። ጸሎት ይመስላል።»

የብርጓል ያን ጊዜ ገባት። ፍሬው ጮኾ አያውቅም። እሷም ቃላቱን ከትንፋሹ ጋር ስለተቀበለቻቸው ሌላ አነጋገር ያላቸው አልመሰላትም፤ ስለዚህ ይህን አላስተማረቻቸውም። መሳቅ ጀመረች። ሴቶቹ ምጡ አእምሮዋን ነካው ብለው ደነገጡ። እናቴ የተወለደችው በዚያ ሳቅ መካከል ነው።

እልልታው ሜዳው ላይ ሲደርስ ወንዶቹ ቆመው አዳመጡ። እልልታው አጠር አለ።

«ሴት ናት» አለ እንዳላማው።

ፈንታ ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

«ቺር አፕ» አለው እንዳላማው። «ሴቶቻችሁ ናቸው የሚያርሱት።»

ጤፉ በዋዜማው ተዘራ። ልጅቷ ማሬ ተባለች። እንዳላማው ወደ ባዘዘው አልሄደም፤ የእሱም መሬት በሳምንቱ በወይኖ ታረሰ። ቡሬ አጠገቡ ተጠምዶ እየሰማ ያለ አስተማሪ ቋንቋውን ያዘ። በመንደራችን ለብዙ ዓመት ሁለት አራሾች ብቻ በጸጥታ ያርሱ ነበር። እኔ ስደርስ ወይኖ የለም፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ ይነዱ ነበር። መምህራችን ክፍሉ ውስጥ «ጌት አፕ!» ብለው ሲጮኹ ያሳቀኝ አንዱ ይኸም ነው፤ እንዲህ ቢጮህበት የትኛው በሬ ይነሳል?

ወይኖ ሲያረጅ ፈንታ ሊሸጠው አምበር ገበያ ወስዶት ነበር ይላሉ። ከቁይ የመጣ ገዢ ጥርሱን አየ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገ፣ በዋጋ ተስማሙ።

«ጠባዩስ?» አለ ሰውዬው።

«ጠባዩ ጥሩ ነው። ብቻ አትጩህበት።»

ሰውዬው ሳቀ፣ ገመዱን ተቀበለ፣ ባለ በሌለ ድምፁ «ሂድ!» አለ። ወይኖ ገበያው መካከል ተኛ። ሰው ተሰበሰበ። ፈንታ ጎንበስ ብሎ በጆሮው የሚለውን አለው፤ ወይኖ ተነሳ። ፈንታ ገመዱን ከሰውዬው እጅ ወስዶ ሳይሰናበት መንገዱን ጀመረ።

የብርጓል ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። «ምነው፣ አልሸጡትም?»

«ጊቭ አፕ ብያለሁ» አላት።

«ለዛሬ ነው ወይስ ለነገም?»

ፈንታ ወይኖን ወደ ጓሮው አስገባው። «ለነገም» አለ።